ስለ ወንጀል መዝገብና ስለ መሰየም፦ ቅጣቱን የፈጸመ ሰው ስሙን የሚያስመልስበት ሕጋዊ መንገድ

(በፍኖተ ሰላም ከተማ ለሕዝብ የተሰጠ ትምህርታዊ ገለጻ። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠና ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት የተደረገበት ነው።)

የዛሬው ርእሰ ጉዳይ በወንጀል የታሰረ፣ የተከሰሰ ወይም የተፈረደበት ሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ በመዝገብ ላይ ስላለው ስሙ ነው። በአገራችን የወንጀል ሕግ ውስጥ ይህን የሚመለከት አንድ ምዕራፍ አለ። ይሁን እንጂ ምዕራፉን የሚያውቁት ጥቂቶች፣ የሚጠቀሙበትም ከእነርሱ ያነሱ ናቸው። ስለዚህ ከአንቀጽ ከመነሣት ይልቅ ከአንድ ሰው ታሪክ መነሣትን መረጥሁ።

ሦስት ጊዜ የታሰረው ሰው

በ2016 ዓ.ም. በነጻ የሕግ ድጋፍ አገልግሎታችን ተረኛ በነበርሁበት ቀን ከቡሬ ዙሪያ ወረዳ አንድ ጎልማሳ መጣ። ስሙንም ቀበሌውንም አልጠራም። በእጁ የያዘው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር። ለጥበቃ ሥራ ሊቀጠር ተመዝግቦ፣ ቀጣሪው እንደ ልማዱ ዋስና ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ጠየቀው። ዋስ አገኘ። አሻራውን ሰጥቶ የተመለሰለት ደብዳቤ ግን በሦስት የወንጀል ጉዳዮች ተመዝግቦ እንደሚገኝ የሚገልጽ ነበር። ቀጣሪው ከዚያ ወዲያ አላናገረውም።

ሦስቱን ጉዳዮች አንድ በአንድ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። የመጀመሪያው በ2002 ዓ.ም. የጎረቤት በሬ ጠፍቶ በጥርጣሬ የተያዘበት ነው። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተጠይቆበት ከቆየ በኋላ በዋስ ተለቀቀ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠራውም፣ ማንም ደግሞ ነገሩ አልቋል አላለውም። ሁለተኛው የእርሻ ድንበር ጠብ ነው። በዱላ የሰው ክንድ ሰበረ፤ በ2005 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተብሎ ሦስት ዓመት ጽኑ እስራትና የጉዳት ካሣ ተፈረደበት። ሁለቱን ዓመት ታስሮ በ2007 ዓ.ም. በአመክሮ ወጣ። ሦስተኛው በ2010 ዓ.ም. በመንገድ ላይ ዘረፋ ተጠርጥሮ የተከሰሰበት ነው። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ነገሩን ስላላስረዱ ፍርድ ቤቱ መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ አሰናበተው።

«ሰፈሩ ሁሉ ሦስት ጊዜ የታሰረ ይለኛል» አለኝ። ወረቀቱም ያለው ይህንኑ ነው። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ለሕጉ እነዚህ ሦስት ጉዳዮች ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው። የዛሬው ገለጻዬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

እስራት፣ ክስና ፍርድ

በዕለት ተዕለት ንግግራችን «ሪከርድ አለበት» ስንል ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ እናጠቃልላለን። የመጀመሪያው እስራት ነው። ፖሊስ አንድን ሰው በጥርጣሬ ሊይዘው ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ፍርድ ቤቱም በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት ለምርመራ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን ያልበለጠ ቀጠሮ ሊሰጥ ይችላል። ይህ ሁሉ ሰውየው ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ገና እየተጣራ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ክስ ነው። ምርመራው ሲያልቅ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይቀርባል። ዐቃቤ ሕጉ ወይ ክስ ይመሠርታል፣ ወይ ተጨማሪ ምርመራ ያዛል፣ ወይ ደግሞ በአንቀጽ 42 ከተዘረዘሩት ምክንያቶች በአንዱ፣ ለምሳሌ በቂ ማስረጃ ባለመኖሩ፣ አያስከስስም ይላል። ክስ የቀረበበት ሰው ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው።

ሦስተኛው ፍርድ ነው። ጥፋተኛ የተባለና ቅጣት የተወሰነበት ሰው ቅጣቱ በመዝገቡ ላይ ይሰፍራል። በትክክለኛው ትርጉም የወንጀል መዝገብ የሚባለው ይህ ብቻ ነው። የቅጣት መዝገብ ክብደትም ቀላል አይደለም። ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ በአምስት ዓመት ውስጥ ሌላ አስቦ የተፈጸመ ወንጀል ላይ የተገኘ ሰው፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 67 ከተቀመጡት ሁኔታዎች ጋር፣ እንደ ተደጋጋሚ ወንጀለኛ ታይቶ ቅጣቱ ሊከብድበት ይችላል። ፍርድ ቤት በአንቀጽ 123 መሠረት መብቶችን የሻረበት ሰው ደግሞ መምረጥና መመረጥ፣ በውል ላይ ምስክር ወይም ዋስ መሆን፣ አንዳንድ ጊዜም የሙያ ሥራውን መሥራት ይከለከላል። በገጠራችን ዋስና እማኝ መሆን የማይችል ሰው በማኅበራዊ ኑሮ ውስጥ ግማሽ ሰው ሆኖ እንደሚቆጠር ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

እንግዲህ ወደ እንግዳችን ወረቀት ብንመለስ፣ ከሦስቱ ጉዳዮች ፍርድ ያረፈበት አንድ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ አንዱ ሳይዘጋ የተረሳ ምርመራ፣ አንዱም በነጻ የተቋጨ ክስ ናቸው።

መሰየም ማለት ምን ማለት ነው

ለተፈረደው ጉዳይ ሕጉ ያዘጋጀው በር «መሰየም» ይባላል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 እስከ 237 ተደንግጎ ይገኛል። አዲስ ነገር አይደለም፤ ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ባረቀቁት በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ውስጥ ነበር። ምንጩ የአውሮፓ ሕግ ቢሆንም የተሰጠው የአማርኛ ስም በደንብ የተመረጠ ይመስለኛል። ሰየመ ማለት ስም ሰጠ ማለት ነው፤ ዳኛ ተሰየመ ስንልም በቦታው፣ በክብሩ ተቀመጠ ማለታችን ነው። የተሰየመ ሰውም እንዲሁ በቅጣቱ ያጣውን ስምና ቦታ መልሶ ያገኘ ሰው ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ለሚል ሕዝብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በአንቀጽ 235 መሠረት መሰየም ሦስት ውጤቶች አሉት። አንደኛ፣ ሰውየው በቅጣቱ ምክንያት ያጣቸውን መብቶች ለወደፊቱ ይመልስለታል። ሁለተኛ፣ ቅጣቱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ሦስተኛ፣ ከዚህ በኋላ ያንን አሮጌ ፍርድ በክፋት እያነሣ የሚሰድበው ሰው ቢኖር፣ ድርጊቱ በሰው ክብር ላይ ስለሚፈጸሙ ወንጀሎች በተደነገገው መሠረት ያስጠይቀዋል። ይህን ሦስተኛውን ለተማሪዎቼ ሳነብላቸው ብዙዎች ይደነቃሉ። ሕጉ መዝገቡን ብቻ ሳይሆን የመንደሩንም አፍ አስቦበታል።

መሰየምን ከይቅርታና ከምሕረት ጋር አለማምታታት

ሦስቱ በአንድ ምዕራፍ ስለሚገኙ በሰው አእምሮም ይቀላቀላሉ። ይቅርታ በአንቀጽ 229 የተደነገገ ነው፤ ቅጣቱን በሙሉ ወይም በከፊል ያስቀራል፣ ወይም ወደ ቀለለ ቅጣት ይለውጠዋል። ነገር ግን ፍርዱን አይሰርዝም። በይቅርታ የወጣ ሰው ከማረሚያ ቤት በር ቢወጣም ቅጣቱ ከመዝገቡ አይወጣም። በዓል በመጣ ቁጥር በይቅርታ የሚፈቱ ሰዎች ብዙዎቹ «ነገሩ ተሰረዘልኝ» ብለው ወደ ቤታቸው ይገባሉ፤ ከዓመታት በኋላ አሻራ ሲሰጡ ይደነግጣሉ።

ምሕረት በአንቀጽ 230 የተደነገገ ሲሆን ከይቅርታ ይሰፋል። ክሱን ያቋርጣል፣ የተፈረደም ከሆነ ፍርዱን እንዳልነበረ ያደርጋል፣ ከመዝገብም ያስወጣዋል። ነገር ግን ምሕረት በግለሰብ ማመልከቻ የሚገኝ ሳይሆን በሕግ ለተወሰኑ የወንጀል ዓይነቶች የሚታወጅ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የምሕረት አዋጅ ቁጥር 1096 የዚህ ምሳሌ ነው፤ በዋናነት የተመለከተውም ከፖለቲካ ጋር የተያያዙ ወንጀሎችን ነበር።

መሰየም ከሁለቱም ይለያል። እንደ ይቅርታ የአስፈጻሚ አካል ችሮታ አይደለም፤ እንደ ምሕረትም አዋጅ አይጠብቅም። ማንኛውም ተራ ሰው፣ በተራ ወንጀል የተቀጣ ቢሆንም፣ ሁኔታዎቹን ሲያሟላ ራሱ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ የሚጠይቀው ነው። በራሱ ግን አይመጣም። ጊዜው ስላለፈ ብቻ መዝገቡን የሚሰርዝለት የለም፤ በጠባዩ የተገባው መሆኑን አሳይቶ መጠየቅ አለበት።

ሁኔታዎቹ

አንቀጽ 233 ያስቀመጣቸውን መሠረታዊ ሁኔታዎች በቀላል ቋንቋ ላስቀምጥ።

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ቅጣቱ ጽኑ እስራት ከነበረ ቢያንስ አምስት ዓመት፣ በሌሎች ቅጣቶች ቢያንስ ሁለት ዓመት ማለፍ አለበት። ጊዜው የሚቆጠረው ከታሰረበት ቀን ሳይሆን ቅጣቱ ከተፈጸመበት፣ በይርጋ ወይም በይቅርታ ከቀረበት ቀን ጀምሮ ነው። በአመክሮ የተለቀቀ ሰውም የፈተና ጊዜውን በመልካም ከጨረሰ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ይቆጠርለታል። የእንግዳችን አምስት ዓመት በ2012 ዓ.ም. ሞልቶ ነበር። ወደ እኛ በመጣበት ጊዜ አራት ዓመት ሙሉ መጠየቅ የሚችለውን ሳይጠይቅ ኖሯል፤ የከለከለው ሰው አልነበረም፣ የነገረውም ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ተጨማሪ ቅጣት ካለ መፈጸሙ ነው። ሦስተኛው በሚኖርበት አካባቢ በመልካም ጠባይ መቆየቱና በዚያ ጊዜ ውስጥ በእስራት የሚያስቀጣ አዲስ ወንጀል ያልተፈረደበት መሆኑ ነው። እዚህ ላይ እንግዳችን ፈራ። «በ2010 ታስሬያለሁ እኮ፣ አምስቱ ዓመት ሳይሞላ» አለኝ። መታሰሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን በነጻ ተሰናብቷል። ሕጉ የሚጠይቀው አለመታሰርን ሳይሆን አለመፈረድን ነው። በነጻ የተለቀቀበት እስራት የመሰየምን መንገድ አይዘጋበትም።

አራተኛው የተፈረደበትን ካሣ፣ ኪሣራና መቀጮ በአቅሙ መጠን መክፈሉ ነው። «በአቅሙ መጠን» የሚለውን ልብ በሉ። ሕጉ ድኻን ስለ ድኽነቱ ከበሩ አይመልስም። ነገር ግን መክፈል ሲችል ያልከፈለ ሰው ስሙን እንዲመልሱለት መጠየቅ አይችልም። የተጎዳው ሰው ሳይካስ የጎዳው ሰው ስሙ ንጹሕ እንዲሆን ሕጉ አይፈቅድም።

ማመልከቻው

ማመልከቻው በጽሑፍ ለቅጣቱ ወሳኝ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ቅጣቱን የወሰነው የወረዳ ፍርድ ቤት ከሆነ ወደዚያው ወረዳ፣ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሆነ ወደዚህ ወደ ፍኖተ ሰላም መምጣት ነው። ይዞ መቅረብ የሚገባው የፍርዱ ግልባጭ፣ ከማረሚያ ቤት የተሰጠ የመፈቻ ወረቀት፣ የካሣና የመቀጮ ደረሰኝ፣ እንዲሁም ስለ ጠባዩ የሚያስረዳ የቀበሌ ደብዳቤ ወይም ምስክር ነው። ፍርድ ቤቱ የዐቃቤ ሕግን አስተያየትና የፖሊስን ማጣሪያ ሊጠይቅ ይችላል።

እንግዳችን የመፈቻ ወረቀቱን ከቤቱ ጣራ ሥር፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ካስቀመጠበት አወጣ። የፍርዱን ግልባጭ ከመዝገብ ቤት አገኘን። የቸገረን ደረሰኙ ነበር። ካሣው የተከፈለው በሽማግሌዎች ፊት፣ በከፊል በገንዘብ፣ በከፊል በእህል ስለነበር አንድም ወረቀት አልነበረውም። ሦስት ሽማግሌዎች ለመመስከር ፈቃደኛ ሆኑ። በቀጠሮው ቀን ግን ከሽማግሌዎቹ ጋር አራተኛ ሰው መጣ፤ ክንዱ የተሰበረው ራሱ ነበር። ማንም አልጠራውም። ለዳኛው የተናገረው አጭር ነበር፦ ካሣውን ተቀብያለሁ፣ ታርቀናል፣ ልጆቻችን አብረው ይማራሉ። በሕግ ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት ከሰማኋቸው የምስክርነት ቃሎች ሁሉ ያን ያህል ነገሩን የቋጨ አላስታውስም።

ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን ተቀበለ። ነገር ግን በዚህ አያበቃም፤ ሁላችሁም እንድታስታውሱልኝ የምፈልገው አንድ የተግባር ነጥብ አለ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ እግር የለውም፤ በራሱ ከመዝገብ ቤት ወደ መዝገብ ቤት አይሄድም። የተሰየመ ሰው የትእዛዙን የተረጋገጠ ግልባጭ በርከት አድርጎ ወስዶ ቅጣቱ ወደተመዘገበበት ፖሊስ ማድረስና መሰረዙን መከታተል ይኖርበታል። አሻራው በወረዳው ብቻ ሳይሆን በክልሉ ወይም በፌዴራል ፖሊስ ዘንድ ካለ እዚያም መድረስ አለበት።

ጥያቄው ውድቅ ሊሆንም ይችላል፤ ያን ጊዜ ሕጉ ካስቀመጠው ጊዜ በኋላ እንደገና ማቅረብ ይቻላል። የተሰየመ ሰው ተመልሶ ከባድ ወንጀል ቢፈጽምና ቢፈረድበት ደግሞ በአንቀጽ 237 መሠረት የመሰየሙ ውሳኔ ሊሻርበት ይችላል። የተሰጠው እምነት ነው፤ እምነቱን መጠበቅ የእርሱ ድርሻ ነው።

ያልተፈረደበት ሰው በር

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል ደርሰናል። ከላይ የተነገረው ሁሉ ለተፈረደበት ሰው ነው። ታስሮ ያልተከሰሰ ወይም ተከሶ በነጻ የተለቀቀ ሰው መሰየምን መጠየቅ አይችልም፤ የሚሰረዝለት ቅጣት የለውምና። ውጤቱ እንግዳ ነው። ክንድ የሰበረበትን ጉዳይ የሚሰርዝበት ስድስት አንቀጽ ያለው ምዕራፍ አለ፤ ላልሰረቀው በሬ የተያዘበትን ወረቀት የሚያጸዳበት ግን በስም የተጠራ ሥርዓት በሕጉ ውስጥ የለም። ጥፋተኛው በር አለው፤ ጥፋተኛ ያልሆነው ግን በሩን በየቢሮው መፈለግ አለበት።

ይህ ለእኛ አካባቢ የንድፈ ሐሳብ ጥያቄ አይደለም። በድንበር ጠብ፣ በከብት መጥፋት፣ በጦር መሣሪያ ጥርጣሬ በተደጋጋሚ የሚያዙና ሳይከሰሱ የሚለቀቁ ሰዎች ከድሮም ነበሩ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በጸናው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ደግሞ ተይዘው ያለ ክስ የተለቀቁ ወጣቶች አሉ። በሌላ በኩል የቡሬው የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በበርበሬና በበቆሎ እርሻ ብቻ ይኖር የነበረው ወጣት ደመወዝተኛ ለመሆን ያስባል። ተቀጣሪነት ወረቀት ይጠይቃል፤ ሾፌርነትም፣ ጥበቃም፣ ወደ ዐረብ አገር መሄድም እንዲሁ። አባቱ አሻራ ሳይሰጥ ኖሮ የሞተበትን አገር ልጁ ያለ አሻራ ሊኖርበት አይችልም።

በር የለም ብሎ መቀመጥ ግን አይገባም። ባለው ሕግ የሚቻለውን ላመልክት። ክስ ካልቀረበበት፣ ሰውየው ወደ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ሄዶ መዝገቡ በምን እንደተቋጨ በጽሑፍ እንዲገለጽለት ይጠይቅ። አያስከስስም ተብሎ ከነበረ የዚያ ውሳኔ ግልባጭ ይሰጠው። መዝገቡ ሳይዘጋ ከተረሳ ደግሞ የይርጋ ጊዜው ይታይ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 217 መሠረት ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ለሚያስቀጣ ወንጀል የክስ ይርጋው 10 ዓመት ነው፤ ተራ ስርቆት በዚህ ውስጥ ይወድቃል። የ2002ቱ ጥርጣሬ ከ2012 ዓ.ም. በኋላ ሊያስከስሰው አይችልም ነበር። ተከሶ በነጻ የተለቀቀ ሰው ደግሞ የብይኑን ወይም የፍርዱን የተረጋገጠ ግልባጭ ይያዝ። እነዚህን ይዞ የመዘገበውን አካል «ማስረጃው ሲጻፍ ውጤቱም ይጻፍ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። «ተከሶ ነበር» ብሎ «በነጻ ተለቀቀ» አለማለት ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ በእንጀራ ላይ ሲመጣ ከሐሰት አይለይም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሰዎች ስለ ራሳቸው የተያዘ የተሳሳተ መረጃ እንዲታረምላቸው የመጠየቅን መርሕ በአገራችን ሕግ ውስጥ አስገብቷል። መርሑ ለፖሊስ መዝገብ እስከ የት እንደሚሠራ በአሠራርና በፍርድ የሚጠራ ነው። የእኔ አስተያየት ግን ግልጽ ነው፦ ለቀጣሪ የሚሰጥ ማስረጃ ፍርድን ብቻ መግለጽ አለበት፤ ፍርድ ያልተሰጠበት እስራት ለመርማሪ ካስፈለገ በመርማሪ እጅ ይቆይ እንጂ በቀጣሪ ጠረጴዛ ላይ መውጣት የለበትም።

ሌሎች አገሮች በዚህ መንገድ ሄደዋል። በእንግሊዝ በ1974 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣ ሕግ አንዳንድ ቅጣቶች የተወሰነ ጊዜ ሲያልፍ፣ ሰውየው ሳያመለክት፣ ለብዙ ጉዳዮች እንዳልነበሩ እንዲቆጠሩ አድርጓል። በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ግዛት በ2018 ባወጣው ሕግ ብቁ የሆኑ መዝገቦች፣ ፍርድ ያልተሰጠባቸውን ጨምሮ፣ በኮምፒውተር ተለይተው ከሕዝብ ዕይታ እንዲዘጉ ማድረግ ጀመረ። የእነርሱ «መዝጋት» ከእኛ መሰየም የሚለየው፣ የተዘጋው መዝገብ ለቀጣሪና ለጎረቤት ባይታይም ለሕግ አስከባሪ አካል ሊታይ መቻሉ ነው። ልጆቻቸው በዚያ አገር ያሉ ወላጆች አንድ ነገር ይወቁልኝ፦ በአሜሪካ የተዘጋ መዝገብ እንኳ ለኢሚግሬሽን ጉዳይ ሲጠየቁ መደበቅ አይቻልም። በዚያ ያለ ሰው ቅጽ ከመሙላቱ በፊት ጠበቃ ያማክር።

ማጠቃለያ

እንግዳችን በመጨረሻ ሦስት ወረቀት ያዘ፦ ለ2002ቱ ጉዳይ በማስረጃ እጦት መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ለ2005ቱ ፍርድ የመሰየም ትእዛዝ፣ ለ2010ሩ ክስ በነጻ የተሰናበተበት ብይን። የጥበቃው ሥራ አልጠበቀውም፤ በዚያ ጊዜ ሌላ ሰው ተቀጥሮበት ነበር። ከወራት በኋላ ግን ደውሎ ለወንድሙ ልጅ ቅጥር ዋስ ሆኖ መፈረሙን ነገረኝ።

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ» ሲባሉ በመንገድ ላይ የሄደ እግራቸውን ያቆሙ ነበር። ሕግ ሰውን ማቆም ብቻ ሳይሆን የቆመውን ሰው «አሁን ሂድ» ማለትም ያውቃል። የወንጀል ሕጋችን ይህን ቃል ጽፎ አስቀምጧል። ለጎረቤታችሁ ንገሩት።

ከተሳታፊዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

አንድ አባት፦ «እኛ ሽማግሌዎች አስታርቀን፣ ደሙን አድርቀን፣ ካሣውን አስከፍለን ስናበቃ መንግሥት ለምን መዝገቡን አይዘጋም?»

መልስ፦ አባቴ፣ የእርስዎ ጥያቄ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስሱ ቀላል ወንጀሎች እርቁ ነገሩን ሊያስቀር ይችላል። ከበድ ባሉት ግን ወንጀሉ በተጎዳው ሰው ላይ ብቻ ሳይሆን በሕዝብ ላይ እንደተፈጸመ ስለሚቆጠር ክሱ ይቀጥላል። እርቃችሁ ግን ከንቱ አይደለም፤ በቅጣት ማቅለያነት ይታያል፣ በመሰየም ጊዜም ዋና ማስረጃ ይሆናል። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፦ ካሣ ስታስከፍሉ በሁለት ቅጂ አጽፋችሁ ለሁለቱም ወገን ስጡ። ያቺ አንዲት ወረቀት ከዓመታት በኋላ የሰው እንጀራ ትሆናለች።

አንዲት ወጣት፦ «ወንድሜ ሁለት ጊዜ ተይዞ ያለ ክስ ተለቀቀ። አሁን ማስረጃ ለመጠየቅ ይፈራል። መተው አይሻለውም?»

መልስ፦ እኅቴ፣ ፍርሃቱን አላቃልለውም። ነገር ግን በመዝገብ ላይ ምን እንዳለ የሚያውቀው ሲቸግረው ሳይሆን አስቀድሞ ቢሆን ይሻላል። ብቻውን አይሂድ። ወደ እኛ የነጻ የሕግ ድጋፍ አገልግሎት ይምጣ፤ ጥያቄውን በጽሑፍ እናዘጋጅለታለን። የተለቀቀበት ወረቀት ወይም የዋስትና ሰነድ ካለው አይጣለው።

አንድ የፖሊስ ባልደረባ፦ «መዝገብ ከተሰረዘ ተደጋጋሚ ወንጀለኛን በምን እንለያለን?»

መልስ፦ ተገቢ ጥያቄ ነው። የተደጋጋሚነት ጊዜው በመሠረቱ አምስት ዓመት ነው፤ በጽኑ እስራት የተቀጣ ሰው ለመሰየም የሚጠብቀውም ቢያንስ አምስት ዓመት ነው። ስለዚህ ሕጉ በሩን የሚከፍተው በዚያ ጊዜ ውስጥ ራሱን ጠብቆ ለቆየ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ቢያጠፋ አንቀጽ 237 አለ። የሥራ በር ሁሉ የተዘጋበት ሰው ወደ ወንጀል የሚመለስበት ምክንያት እንደሚበዛ ደግሞ ከእኔ ይልቅ እናንተ በየጣቢያው ታዩታላችሁ።